የሸክም መንገድ፦ በግቢ ውስጥ ወርክሾፕ ከመቆሙ በፊት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ ከለቡ እስከ ሃና ማርያም፣ በመኖሪያ ግቢ ጥግ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ማቆም የተለመደ ነው። በርና መስኮት እየበየደ የሚተዳደር ባለሙያ ኪራይ ሲከብደው ዓይኑን ወደ ገዛ ግቢው ያዞራል። እቅዱም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ጥያቄዎች ያልቃል፦ ቦታው ስንት በስንት ነው? ቱቦላሬው ባለ ስንት ይሁን? ጣሪያው ተራ ቆርቆሮ ነው ወይስ ኢጋ? ሦስቱም የገበያ ጥያቄዎች ናቸው። የስትራክቸር መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው አራተኛ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ በዚህ ቤት ላይ የሚያርፈው ኃይል በየት በየት አልፎ መሬት ይገባል? የዚህ ጥያቄ መልስ በምህንድስና ቋንቋ ሎድ ፓዝ ይባላል፤ በአማርኛ «የሸክም መንገድ» ብንለው ይስማማዋል። «የጭነት መንገድ» ቢባል የከባድ መኪና መተላለፊያ ይመስላል። «የሸክም መውረጃ» ቢባል ደግሞ ሸክም ሁልጊዜ የሚወርድ ያስመስላል፤ ወደ ላይ የሚሄድ ሸክም እንዳለ ግን ቀጥሎ እናያለን። የግቢ ወርክሾፕ ጥንካሬ የሚለካው በብረቱ ውፍረት ሳይሆን በዚህ መንገድ አለመቋረጥ ነው፤ ስለዚህ እቅዱም ከዚህ መጀመር አለበት።

የሸክም መንገድ ማለት በአንድ ሕንፃ ላይ ያረፈ ኃይል ከተነሳበት ነጥብ ጀምሮ መሬት እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ክፍሎችና መጋጠሚያዎች ናቸው። በግቢ ወርክሾፕ ላይ መስመሩ በቀላሉ ይቆጠራል፦ ከቆርቆሮው ወደ ቪቱ፣ ከቪቱ ወደ ፐርሊኑ፣ ከፐርሊኑ ወደ ካፒሪያታው፣ ከካፒሪያታው ወደ ቋሚው፣ ከቋሚው ሥሩ ላይ ወደተበየደው ላሜራ፣ ከላሜራው ወደ ብሎኖቹ፣ ከብሎኖቹ ወደ ኮንክሪቱ መሠረት፣ ከመሠረቱ ወደ አፈሩ። ሲሚንቶ ከመኪና በቅብብሎሽ ከሚያወርዱ ሰዎች አንዱ ቦታውን ቢለቅ የሌሎቹ ጉልበት ኩንታሉን ከመውደቅ አያድነውም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ቋሚውን በወፍራም ቱቦላሬ መቀየር በጥቂት ቪት የተያዘ ቆርቆሮን አያጠናክርም፤ ጥሩ ብየዳም ጥልቀት የሌለውን መሠረት አይክስም። መንገዱ የሚፈተሸውም በሦስት አቅጣጫ ነው፦ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ጎን።

ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለቀላል የብረት ጣሪያ አስቸጋሪው ነገር ክብደቱ ሳይሆን ክብደት ማነሱ ነው። 8 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ፣ በየ3 ሜትሩ ካፒሪያታ የተሰቀለበት ወርክሾፕ እንውሰድ። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ቢመዝን፣ ፐርሊንና ካፒሪያታ ሲጨመርበት ጠቅላላው 12 ኪሎ ይሁን ብለን እንነሳ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ለዲዛይን መነሻ ያደረገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ ያንሳል፤ ያም ሆኖ በካሬ ሜትር ወደ 23 ኪሎ ይጠጋል። ነፋስ ጣሪያን ሲያልፍ ደግሞ አይጫነውም፤ ወደ ላይ ይስበዋል። ከመሐል ቋሚዎች ለአንዱ የሚደርሰው ጣሪያ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 12 ካሬ ሜትር ነው። ስበቱን ከግፊቱ ጋር እኩል ብንወስደው፣ ስቦ የሚያነሳው 276 ኪሎ፣ ጣሪያው በራሱ ክብደት የሚይዘው 144 ኪሎ ይሆናል። ቀሪው 132 ኪሎ ቋሚውን ከመሬት ለመንቀል የሚሠራ ኃይል ነው።

ወርክሾፕ ከመጋዘን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብየዳ ጭስ ስላለው፣ 6 ሜትር የሆነ ብረትም ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል በሩ ሰፊና ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በዚያ በር የገባ ነፋስ መውጫ ሲያጣ ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ ከላይ ካለው ስበት ጋር ሲደመር ኃይሉ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በምሳሌያችን 552 ኪሎ ወደ ላይ፣ 144 ኪሎ ወደ ታች፤ ልዩነቱ 408 ኪሎ ነው። አሁን መሠረቱን እንመልከት። ርዝመቱም ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ጉቶ 154 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በሩ ሲዘጋ ይበቃል፣ ሲከፈት ግን አይበቃም። ሦስቱም ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢሉ ክብደቱ 518 ኪሎ ይደርሳል። ይህ መነሻ ስሌት እንጂ ሙሉ ዲዛይን አይደለም፤ በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ስበቱ ከዚህም ይበረታል። ጉዳቱም በመሠረቱ ብቻ አይወሰንም። ካፒሪያታው ክብደት ሲሸከም የታችኛው ብረቱ የሚወጠር ስለሆነ ቀጭን ቢሆን ያስኬዳል። ነፋሱ ኃይሉን ሲገለብጠው ግን ያው ብረት ተገፊ ይሆናል፤ ረጅምና ቀጭን ብረት ደግሞ ሲገፋ ወደ ጎን ይታጠፋል። ለአንድ አቅጣጫ የተሠራ መንገድ በመልሱ ጉዞ የሚቋረጠው እንዲህ ነው።

መጋጠሚያ የቱን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት ከዓለም የታወቀ አንድ አደጋ ይበቃል። ሐምሌ 1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተንጠልጥለው የነበሩ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች ተደርምሰው 114 ሰው ሞቷል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም ድልድዮች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው፣ ከጣሪያው በወረዱ ወጥ ዘንጎች ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። በሥራ ወቅት ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የታችኛው ድልድይ ከጣሪያው ሳይሆን ከላይኛው ድልድይ ቢም ላይ ተንጠለጠለ። የዘንጉም የቢሙም ውፍረት እንደበፊቱ ነበር። የተለወጠው በላይኛው ቢም ሥር ያለው ዳዶና ሮንዴላ የሚሸከመው ነበር፤ የአንድ ድልድይ ሸክም ይይዝ የነበረው የሁለት ያዘ። ቢሙ በዳዶው ላይ ተቀደደ። ግቢ ውስጥ ይህን የሚመስለው ከባድ ብረት ለማንሳት ፓራንኮን ከካፒሪያታው መሐል ማንጠልጠል ነው። ካፒሪያታው የተሰላው በርዝመቱ ተበትኖ ለሚያርፍ ሸክም ነው፤ ያው ክብደት መሐሉ ላይ በአንድ ነጥብ ሲሰቀል የማጠፍ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ፓራንኮው በሁለት መጋጠሚያ መካከል ከታሰረ ደግሞ የታችኛው ብረት ለብቻው ይጎብጣል። የሚሻለው ፓራንኮው የራሱ እግርና የራሱ መሠረት ባለው ፍሬም ላይ እንዲሰቀል ገና በእቅዱ ላይ ቦታ መስጠት ነው፤ የራሱ ሸክም የራሱ መንገድ ይኑረው።

ሦስተኛው አቅጣጫ ጎን ነው። ቋሚና ካፒሪያታ ብቻ ያለው ቤት ከጎን ሲገፋ ይንጋደዳል፤ ይህን የሚይዘው በቋሚዎች መካከል በመስቀል የሚበየደው ማጠናከሪያ ነው። በሩን ለማስፋት መጀመሪያ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ከዚህ የባሰው ልማድ ወጪ ለመቆጠብ የጣሪያውን አንድ ጎን በግቢው የብሎኬት አጥር ላይ ማሳረፍ ነው። አጥር የተሠራው ቆሞ ግቢን እንዲከልል እንጂ ከላይ የመጣን ኃይል ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ አይደለም። ጣሪያው ሲነሳ አጥሩን ይስባል፣ ሲገፋ ወደ ጎረቤት ይደፋዋል። ከጎን የሚገፋው ነፋስ ብቻም አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሱት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ቀላል የብረት ቤት በመንቀጥቀጥ ብዙ አይጎዳም፤ ከእርሱ ጋር በደንብ ያልተያያዘ ከባድ የብሎኬት ግድግዳ ግን ይጎዳል፣ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ከቋሚው ጋር የሚያያዝበት ፌሮ በንድፉ ላይ መታየት አለበት።

መንገዱ የሚያልቀው አፈር ላይ ነው፤ በደቡብ አዲስ አበባ ደግሞ በብዙ ቦታ አፈሩ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ ላይ ያረፈ ጥልቀት የሌለው መሠረት ከወቅቱ ጋር ይነሳል ይወርዳል፤ ቋሚዎቹ እኩል ስለማይነሱ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣት፣ በተመረጠ አፈርና ድንጋይ መተካት፣ መሠረቱን የወቅቱ እርጥበት ከሚደርስበት በታች ማውረድ፣ መሠረቶቹንም በግሬድ ቢም ማያያዝ። አሸንዳም የዚህ አካል ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ96 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 2,880 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በቋሚዎቹ ሥር የሚፈስ ከሆነ ጣሪያው የገዛ መሠረቱን እያሳበጠ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደትም አላቸው። የመጀመሪያው፣ «በያጁ ብዙ ሠርቷል፣ አንዱም አልወደቀበትም» የሚለው ነው። የእጅ ልምድ ስለ ብየዳው ጥራት ጥሩ ምስክር ነው። ብርቱ ነፋስ ግን በየዓመቱ በእያንዳንዱ ጣሪያ ላይ አይመጣም፤ ሳይፈተን የቆመ ቤት የሚመሰክረው ገና አለመፈተኑን ብቻ ነው። ሁለተኛው የወጪ ጥያቄ ነው። በምሳሌያችን አሥሩን መሠረት ከ40 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ማሳደግ የሚጨምረው ኮንክሪት 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ነው። መረሬውን መተካት ከዚህ የበለጠ ያስወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ግን የሚቀነሰው ስፋቱ ይሁን እንጂ መሠረቱ አይሁን፤ ቤቱን በሌላ ዓመት አንድ ካፒሪያታ ጨምሮ ማስረዘም ይቻላል፣ የቆመ ቋሚን ነቅሎ ሥሩን መቆፈር ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሦስተኛው «ጊዜያዊ ነው፣ ቦታው ነገ ለልማት ሊፈለግ ይችላል» የሚለው ነው። በዚህ ከተማ ስጋቱ ባዶ አይደለም። መልሱ ግን መንገዱን ማቋረጥ ሳይሆን መጋጠሚያዎቹን በብሎን መሥራት ነው። በላሜራና በብሎን የተያያዘ ቋሚና ካፒሪያታ ተፈትቶ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ቱቦላሬ ግን በግራይንደር ተቆርጦ ነው የሚነሳው።

አራተኛው ተቃውሞ «የግቢ ሥራ ነው፣ መሐንዲስ ምን ያደርጋል» የሚል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ በመጀመሪያው ምድብ ካስቀመጣቸው አንዱ በሁለት የኮንክሪት፣ የብረት ወይም ሌላ ውቅር መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ነው። የኛ ምሳሌ 8 ሜትር ስለሆነ በስፋቱ ብቻ ከዚህ ይወጣል። ከዚያም በላይ አዋጁ ወርክሾፕን ከፋብሪካ ጋር በስም ጠቅሶ ሦስተኛውና ጥብቁ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ግቢ ውስጥ መሆኑ ወርክሾፕነቱን አይለውጠውም፤ ከሥሩ ሰው፣ እሳትና ተንጠልጣይ ክብደት አብረው ይውላሉ። ስለዚህ ብረት ከመግዛት በፊት ዛሬ የሚሠራበትን መስፈርት ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ፣ ንድፉንም ፈቃድ ላለው ባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል።

የሸክም መንገድ የሚለውን ሐሳብ ማወቅ ባለቤቱን መሐንዲስ አያደርገውም፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግን ያሳውቀዋል። ንድፉ ሲቀርብለት ሦስት መስመሮችን ይጠይቅ፦ የጣሪያው ክብደት ወደ መሬት የሚወርድበትን፣ ነፋስ ሲያነሳው ቋሚውን የሚይዘውን፣ ከጎን ሲገፋ የሚመክተውን። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያለው መጋጠሚያ ሁሉ ስንት ብሎን፣ ምን ያህል ብየዳ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት እንደሆነ ይጻፍለት። አንዱ መጋጠሚያ ላይ «እዚያው ስንደርስ እናየዋለን» የሚል መልስ ከመጣ ንድፉ ገና አላለቀም፤ የቱቦላሬው ግዥም ይቆይ።