ብር ይቀልጣል፣ አልማዝ ይቀነሳል፦ የሚወረስ ጌጥ የኢኮኖሚ ታሪክ

ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው ፍሪድሊና በአካባቢዋ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ጌጥ በሁለት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ከአገር ቤት የመጣ የብር መስቀል፣ አምባር ወይም የወርቅ ጉትቻ ነው። ሁለተኛው በአሜሪካ የተገዛ ባለአልማዝ የጋብቻ ቀለበት ነው። ሁለቱም ወደ ተከታዩ ትውልድ ሲሻገሩ አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ እንዳሉ ይቀመጡ ወይስ በዘመኑ ወግ እንደገና ይሠሩ? ነገሩ የውበት ምርጫ ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሀብት በምን እንደሚለካና የሰው እጅ ሥራ ምን ዋጋ እንደሚሰጠው የሚገልጽ የኢኮኖሚ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ከአልማዙ እንጀምር። አልማዝ አቅልጠው እንደገና የሚያፈሱት ነገር አይደለም፤ ቅርጹ የሚለወጠው ከአካሉ በመቀነስ ብቻ ነው። ከኤሌክትሪክ መብራት መስፋፋት በፊት የተቀረጹ አልማዞች ወፍራምና ከፍ ያለ አናት ያላቸው ናቸው፤ ቀራጩ በመጀመሪያ የሚጠብቀው ክብደታቸውን ነበርና። በ1919 እ.ኤ.አ. ማርሴል ቶልኮውስኪ የክቡን አልማዝ ምጥን በሒሳብ ካሰላ በኋላ ገበያው ከክብደት ይልቅ ለብርሃን ነጸብራቅ ከፍ ያለ ዋጋ መስጠት ጀመረ። አሮጌውን ድንጋይ ከአዲሱ ምጥን ጋር ለማስማማት የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ካራት ነው።

የዚህ ክፍያ ታላቁ ምሳሌ ኮሂኑር ነው። ብሪታንያ ፑንጃብን በ1849 ከያዘች በኋላ የወሰደችው ይህ አልማዝ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ሲታይ ብዙዎችን አላረካም፤ ያንጸባርቃል ተብሎ የተጠበቀውን ያህል አላንጸባረቀም። በተከታዩ ዓመት የአምስተርዳም ባለሙያዎች እንደገና ቀረጹት፤ ክብደቱም ከ191 ሜትሪክ ካራት ገደማ ወደ 105.6 ወረደ። 45 በመቶ ያህሉ አካሉ ተፍቆ ጠፋ ማለት ነው። የሙጋል ዘመን ጠራቢዎች አሻራም አብሮ ሄደ። ይህን ውሳኔ መልሶ ማረም አይቻልም።

የኢትዮጵያ የጌጥ ታሪክ ከዚህ ፍጹም በተለየ ሕግ ላይ ቆሟል። ሕጉ በቋንቋው ውስጥ ተጽፏል፤ በአማርኛ ብር ማዕድንም ነው፣ ገንዘብም ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 20ኛው አጋማሽ ድረስ ይህን ሁለት ትርጉም በአንድ ላይ የተሸከመችው ማርትሬዛ፣ በሌላ ስሟ ጠገራ ብር ነበረች። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ካረፉ በኋላም ቢሆን መልካቸውና ያቺው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጡ መታተማቸው ቀጠለ። የሳንቲሟ ክብደት 28 ግራም ያህል ሲሆን ንጹሕ ብሯ 23.39 ግራም ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የተለካው በእርሷ ክብደት ነበር። ተቀባዩ በእቴጌይቱ ምስል ላይ ያለው ጌጥ ነጠብጣብ አለመፋቁን አይቶ ይቀበላል፤ የተፋቀችውን ይመልሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ሲያወጡ እንኳ የገጠሩ ገበያ ልቡ ከማርትሬዛ አልራቀም ነበር።

ባንክ ባልነበረበት አገር ይህች ሳንቲም ወደ አንጥረኛ እጅ መግባቷ የማይቀር ነበር። ገበሬው ካመረተው የተረፈውን በብር ይለውጣል፤ ብሩም ቀልጦ የአንገት መስቀል፣ አልቦ፣ አምባር ይሆናል። ክፉ ቀን ሲመጣ ጌጡ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ልጅ ስትዳር ደግሞ የእናቷ አምባር ቀልጦ የእርሷ ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ ጌጥ ማለት በሰውነት ላይ የሚቀመጥ ቁጠባ ነበር። ከአልማዝ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ብር በቀለጠ ቁጥር ክብደቱ እምብዛም አይጎድልም። የሚጠፋው ቅርጹ፣ ማለትም የአንጥረኛው ድካም ብቻ ነው።

ታዲያ ያ ድካም ለምን እንዲህ በቀላሉ ይጠፋ ነበር? መልሱ በከፊል ለባለሙያው ከተሰጠው ማኅበራዊ ቦታ ይገኛል። መሬት የክብርም የኑሮም መሠረት በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በብዙ ቦታ ርስት የተነፈጉ፣ ቡዳ ተብለው የሚጠረጠሩ ነበሩ። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ጫና ለዘመናት ተሸክመዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ንቀት የእጅ ዋጋን ዝቅ ያደርጋል፤ የእጅ ዋጋ ዝቅ ሲል ደግሞ አሮጌውን ማቅለጥ ርካሽ ይሆናል። አቅልጦ ማሠራት የባህል ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ባለሙያው ተገቢውን ዋጋ ያላገኘበት ገበያ ውጤትም ነበር።

በአንጻሩ ቅርጽ ከክብደት በላይ ሲከበር ምን እንደሚሆን መቅደላ ይመሰክራል። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ከ4 ሚሊዮን በላይ ማርትሬዛ ለስንቅና ለማጓጓዣ ይዞ ዘመተ። ሲመለስ ደግሞ ከዘረፋቸው ንብረቶች መካከል ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኙት የወርቅ ዘውድና ጽዋ ነበሩ። እነዚህ በወቄት ተመዝነው ቢቀልጡ ኖሮ ዛሬ ይመለሱ የሚባል ክርክር አይኖርም ነበር። የይመለሱልን ጥያቄ ኃይል የሚያገኘው ከወርቃቸው ሳይሆን ከሥራቸውና ከታሪካቸው ነው።

የሳንቲሟ ዘመን ያከተመው በሁለት እርምጃ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 የማርትሬዛን ማተሚያ መብት ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማተም ጀመረች፤ በወረራው ዘመን በሊሬ ልትተካት ብትሞክርም ሕዝቡ ወረቀቱን አላመነም። ከነጻነት በኋላ በ1945 በእንግሊዝኛ ዶላር፣ በአማርኛ ግን ያው ብር የተባለው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብር የሚለው ስም በወረቀቱ ላይ ቀረ፤ ማዕድኑ ግን በሴቶች አንገትና ክንድ ላይ ቆየ። በ1975 የደርግ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ በመዝገብ ያልሰፈረና በጉያ የሚያዝ ሀብት ምን ማለት እንደሆነ ለብዙ ቤተሰብ ግልጽ ሆነ። ለስደተኛ ጌጥ ድንበር የሚሻገር ቁጠባ ነበር።

አሁን ሒሳቡን ወደ ፍሪድሊ እናምጣው። የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 30 ዶላር ነው ብለን ብንነሣ፣ አንድ ማርትሬዛ የያዘችው ንጹሕ ብር 22.50 ዶላር ያህል ያወጣል። ከሦስት ጠገራ የተሠራ መስቀል በማዕድንነቱ 70 ዶላር አይሞላም። የሰው ጉልበት ውድ በሆነበት በአሜሪካ ይህ ገንዘብ በእጅ ለሚሠራ አዲስ መስቀል የባለሙያውን ክፍያ እንኳ አይሸፍንም። ጥንት ማዕድኑ ብርቅ፣ እጁ ርካሽ ነበር፤ ዛሬ ማዕድኑ በቀላሉ ይገኛል፣ ብርቅ የሆነው እጁ ነው። አያት በ1930ዎቹ አሮጌ አምባር ስታቀልጥ ትክክለኛ ስሌት አስልታ ነበር። የልጅ ልጅ ያንኑ ብታደርግ ግን በተገላቢጦሽ ዋጋ ያለውን ጥላ ርካሹን መያዟ ነው።

የወርቁ ስሌት ይለያል። ወርቅ በግራም ከፍ ያለ ዋጋ ስላለው አቅልጦ ማሠራት ዛሬም ኪሳራው አነስተኛ ነው፤ በተለይ ጌጡ በብዛት ከሚሠሩት አንዱ ከሆነ። አልማዙ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ወጥመድ አለው። የ1940ዎቹ የዲ ቢርስ ማስታወቂያ አልማዝን ከማይሻር ቃል ኪዳን ጋር በማቆራኘቱ ያገለገለ አልማዝ መሸጥ ነውር መሰለ፤ እንደገና ሲሸጥም የተገዛበትን ዋጋ እምብዛም አያወጣም። በቤተ ሙከራ የሚሠራው አልማዝ መርከስ ይህን አባብሶታል። አዲስ ነጸብራቅ በርካሽ በሚገዛበት ዘመን ለነጸብራቅ ሲባል አሮጌ አልማዝን መፋቅ፣ ገበያው እየናቀው ባለው ነገር ብርቅ የሆነውን መለወጥ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ቀላል ነው። ማንኛውም ጌጥ ወደ እሳት ወይም ወደ ሞረድ ከመግባቱ በፊት ይመዘን፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ማን ሠራው፣ የት፣ ለየትኛው ሠርግ ወይም ክርስትና የሚለው ከሚያውቁት አረጋውያን አፍ ይጻፍ። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጥንታዊ ጌጥ ከሆነ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይታወስ። የቤተሰብ መዝገብ ለሙዚየም ሥራ የሚቀርብ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን ስማቸው ያልተጻፈ፣ ዋጋቸው ያልተከፈለ የአንጥረኞች ታሪክ የሚገኘው በእንዲህ ያሉ መዝገቦች ነው። ሳይመዘገብ የሚቀልጥ እያንዳንዱ መስቀል ምኒልክ በአዋጅ ሊያስቆሙት የሞከሩትን ንቀት በሌላ አገር ያስቀጥላል።