የኤሌክትሮኒክ የሕክምና ካርድ፦ ወደ ጎንደር ሪፈር ሲጻፍልዎ

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ቀድሞ በካርድ ክፍል በወረቀት ይቀመጥ የነበረውን የሕመም ታሪክ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የታዘዘ መድኃኒት በኮምፒውተር ይይዛል። በኢትዮጵያ ቀደም ብለው ሥራ ላይ ከዋሉት አንዱ ስማርትኬር ነው።

ከደባርቅ ወይም ከዳባት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቢላኩ፣ የሁለቱ ተቋማት ኮምፒውተሮች ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ፦

• የሪፈር ወረቀትዎን፣ የምርመራ ውጤትዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ።

• ስምዎን እስከ አያት፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ያስመዝግቡ። አንድ ቀን በመዝገብ ስም፣ ሌላ ቀን በቤት ስም ከተመዘገቡ ታሪክዎ በሁለት ካርድ ይከፈላል፤ ሐኪሙም ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለብዎ ሳያውቅ ሊያክምዎ ይችላል።

• የማይስማማዎት መድኃኒት ካለ በየቀጠሮው ይናገሩ።

መብራት ሲጠፋ መረጃዎ በወረቀት ሊያዝ ይችላል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ኮምፒውተር መግባቱን ይጠይቁ።