የግሪን ካርድ ዜና መዋዕል

በዋሽንግተን አጠገብ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አውቃለሁ። ልጃቸው አስመጥታቸው ከአገራቸው ከወጡ ጀምሮ፥ ግሪን ካርዳቸውን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው፥ መሐረቡን በቀሚሳቸው ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው፥ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሲሄዱም ሆነ ገበያ ሲወጡ ከደረታቸው አይለዩትም ነበር። ልጃቸው «እማዬ፥ ቤት ይቀመጥ፤ ቢጠፋ ማስለወጫው ብዙ ገንዘብ ነው» ትላቸዋለች፤ አማቻቸው ደግሞ «ሕጉ ያዙ ይላልና ይያዙት» ይላቸዋል። እሳቸውም በሁለቱ መካከል ጥቂት ከዋለሉ በኋላ፥ «ከጠፋም ከእኔው ጋራ ይጥፋ» ብለው ነገሩን ቆረጡት።

ይህ በአንድ ሳሎን ውስጥ የተነሣ የቤተ ሰብ ክርክር ቢመስልም፥ ሥሩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በምድሩ ላይ የሚቀመጠውን መጻተኛ «ምስክር ወረቀትህን አሳይ» ማለት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ፥ ባለወረቀቱ ሳይዝ የመገኘትንና ይዞ የመጣልን ሁለት ፍርሃት በአንድ ኪስ ተሸክሞ ኖሯልና። ስለ ግሪን ካርድ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚገኝ ነው፤ እኔ ግን የዚህን ወረቀት ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ወረቀቱ በጠፋ ጊዜ ሕጉ ምን እንዳለ ቢመረምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩ የተጀመረው በቻይናውያን ላይ ነው። የካሊፎርኒያን ወርቅ ሊቆፍሩ፥ ኋላም ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘውን የምድር ባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ የመጡት ቻይናውያን ሠራተኞች፥ ሥራው ተጠናቅቆ ሥራ ፈቱ በበዛ ጊዜ እንደ ባላጋራ ስለ ታዩ፥ በ1882 አዳዲስ ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ሜይ 5 ቀን 1892፥ በካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል በቶማስ ጊሪ ስም የሚጠራው ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ፥ በአገሪቱ ውስጥ ያለ ቻይናዊ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በወረዳው ግብር ሰብሳቢ ዘንድ ቀርቦ የነዋሪነት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ፥ ጊዜው ካለፈ በኋላ ያለ ወረቀት የተገኘም ተይዞ ከአገር እንዲባረር አዘዘ። ሰውዬው ሳያወጣ የቀረው በሕመም ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንደ ሆነ ቢናገር እንኳ፥ ሕጉ በወጣበት ጊዜ በአገሩ ይኖር እንደ ነበር የሚያስረዳለት ቢያንስ አንድ የታመነ ነጭ ምስክር መቁጠር ነበረበት። በእኛ አገር ሙግት ምስክር ሲቆጠር ባላጋራ ዝምድናውን ወይም ጠቡን እያነሣ ይነቅፍ ነበር፤ የምስክርን መልክ በሕግ አንቀጽ ወስኖ መጻፍ ግን ለብዙ ሊቃውንተ ሕግ አእምሮ እንኳ የማይመጣ ነገር ነው።

በዚሁ ሕግ ስድስተኛ ክፍል፥ ወረቀቱን በደንቡ አውጥቶ ሳለ የጠፋበት ወይም የተበላሸበት ሰው ነገርም ተደንግጓል። እንዲህ ያለው ሰው ከሹሙ ሌላ ግልባጭ እስኪያመጣ ድረስ ፍርዱ ይቆይለታል፤ እሱ ራሱ ግን በእስር ይቆያል፤ የመያዙና የችሎቱ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅም ለዳኛው ፈቃድ ተትቷል። አስቡት እንግዲህ፤ ይህ ሰው ተመዝግቧል፥ ስሙ በመዝገብ አለ፥ መዝገቡም በመንግሥት እጅ ነው፤ መንግሥት የራሱን መዝገብ ገልጦ ማየት ሲቻለው፥ ባለወረቀቱ ታስሮ የሚጠብቀው ግልባጩ እስኪመጣለት ነው። ሰው ለሰውነቱ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ወረቀቱ ለሰውዬው ዋስ የሆነው ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ነው።

ቻይናውያኑም ዝም ብለው አልተቀበሉም። በሳን ፍራንሲስኮ የነበረውና «ስድስቱ ኩባንያዎች» የሚባለው ማኅበራቸው፥ ሕዝቡ እንዳይመዘገብ መክሮ፥ ጠበቆችም አቁሞ ነገሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በፎንግ ዩ ቲንግ ስም ከሚታወቀው ክርክር ሦስት ባለጉዳዮች መካከል አንዱ፥ ወረቀቱን ለማውጣት በጊዜው ቀርቦ ሳለ ምስክሮቹ ቻይናውያን ናቸው ተብሎ የተመለሰ ሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ በሜይ ወር 1893፥ በ5 ለ3 ድምፅ፥ መንግሥት መጻተኛን የማባረር ሥልጣን አለውና ለመቀመጥ ሲፈቅድም የወደደውን ቅድመ ሁኔታ ሊያኖር ይችላል ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምክር ቤቱ የምዝገባውን ጊዜ በስድስት ወር አራዝሞ፥ በወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ጨመረበት። ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ፎቶግራፍ ያለበት የነዋሪነት ካርድ ቅድመ አያቱ ይኸው ነው።

ቻይናውያን ብቻቸውን የቀመሱት ሥርዓት ወደ መጻተኛው ሁሉ የተሻገረው በ1940 ነው። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ በወደቀችበት በዚያ የጁን ወር፥ በውስጥ ያለው እንግዳ የጠላት ሰላይ ቢሆንስ የሚል ሥጋት በአሜሪካ ስለ በረታ፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ28ኛው ቀን የመጻተኞችን ምዝገባ ሕግ ፈረሙ። ከኦገስት 27 እስከ ዲሴምበር 26፥ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ በአቅራቢያው ወዳለው ፖስታ ቤት እየሄደ፥ መቼና በየት በር እንደ ገባ፥ ቁመቱና ክብደቱ ስንት እንደ ሆነ፥ የየትኛው ማኅበር አባል እንደ ሆነ ተጠይቆ፥ የጣቱን አሻራ በቀለም ነክሮ ሰጠ። ኧርል ሃሪሰን የተባለው ሰው በመራው በዚህ ምዝገባ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተጻፈ። ለተመዘገበውም «ኤ.አር. 3» የተባለች የደረሰኝ ካርድ በፖስታ ትላክለት ነበር፤ ካርዲቱ ግን በሕጋዊ መንገድ የገባውን ካልገባው ስለማትለይ፥ ባለቤቷ ተቆጥሯል ከማለት በቀር የመኖር መብት አለው የምትል አልነበረችም።

እዚህ ላይ ችላ ብዬ ላልፈው የማልወደው አንድ ነገር አለ። የፔንሲልቬንያ ግዛት በ1939፥ በግዛቱ የሚኖር መጻተኛ በያመቱ አንድ ዶላር እየከፈለ እንዲመዘገብ፥ ካርዱንም ሁልጊዜ ይዞ ፖሊስ በጠየቀው ጊዜ እንዲያሳይ የሚያዝ ሕግ አውጥቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1941 ይህን የግዛት ሕግ ሲሽር፥ የመጻተኞች ጉዳይ የመላው አገር መንግሥት ሥልጣን መሆኑን ገልጦ፥ በ1940 በወጣው የአገር ሕግ ውስጥ ካርድ ይዞ መዞርንና ለፖሊስ ማሳየትን የሚያዝ ቃል እንደሌለ አመለከተ። ነጻ ሰው በመንገድ ላይ ወረቀት እየተጠየቀ መኖር የለበትም የሚል መንፈስ በዚያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበር። አልዘለቀም እንጂ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፥ ምዝገባው በፖስታ ቤት መሆኑ ቀርቶ በመግቢያው በር ላይ ሆነ፤ ለቋሚ ነዋሪዎችም «አይ 151» የተባለው አረንጓዴ ካርድ ይሰጥ ጀመር። በ1950 የጸጥታ ጥበቃ ሕግ ከወጣ በኋላ፥ የቀድሞውን የምዝገባ ካርድ የያዙና በሕግ መግባታቸውን ያስረዱ ሰዎች ከ1951 ጀምሮ በአረንጓዴው እንዲያስለውጡ ስለ ተደረገ፥ የማስረዳቱ ሸክም በባለካርዱ ላይ ወደቀ፤ ማስረዳት ያቃተው ሰው ሊያስለውጥ በመቅረቡ ብቻ ራሱን ይገልጥ ነበርና። አረንጓዴዪቱ ካርድ ክብሯን ያገኘች ያን ጊዜ ነው፤ አሠሪውም ድንበር ጠባቂውም ያከብራት ጀመር፤ ሕዝቡም «የመጻተኛ ምዝገባ ደረሰኝ ካርድ» የሚለውን ረጅምና ደረቅ ስሟን ትቶ በቀለሟ ጠራት።

በ1952 የወጣው ታላቁ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ደግሞ፥ በ1941 የለም የተባለውን ቃል ጻፈው፤ 18 ዓመት የሞላው መጻተኛ ሁሉ ካርዱን ሁልጊዜ ከራሱ ሳይለይ እንዲይዝ፥ ሳይዝ የተገኘም እስከ 100 ዶላር መቀጫ ወይም እስከ 30 ቀን እስራት ወይም ሁለቱንም እንዲቀበል ደነገገ። አንቀጹ ዛሬም በቦታው አለ። ዛሬ የጠፋ ካርድ ማስለወጫው ከ400 ዶላር በላይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፥ ካርዱን ቤት አስቀምጦ በተጻፈው መቀጫ መቀጣት ይዞ ወጥቶ ከመጣል ይረክሳል። የባልቴቲቱ ልጅ ሕግ ሳትማር የደረሰችበት ሒሳብ ይኸው ነው።

ቀለሙስ? ሐሰተኛ ካርድ የሚሠሩ ሰዎች ስለ በዙ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መልኩን ደጋግሞ ሲለውጥ፥ በ1964 ካርዱ ሰማያዊ ሆነ፤ በ1977 መኪና የሚያነበው «አይ 551» ተተካ፤ በ1989 ወደ ሮዝ ካርድ ተዛወረና የዐሥር ዓመት ገደብ ተጻፈበት፤ አሮጌው «አይ 151» ከማርች 20 ቀን 1996 በኋላ እንዳይሠራ ተባለ። ያን ጊዜ ብዙ ሽማግሌዎች፥ አሮጌውን ካርድ ለማስለወጥ የሚከፈለውና ዜግነት ለመጠየቅ የሚከፈለው ገንዘብ እጅግ የማይራራቅ ሆኖ ስላገኙት፥ ዜግነቱን መረጡ። ካርዱ እንደ ገና አረንጓዴ የሆነው በ2010 ነው። በመካከሉ ባለው ከአርባ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ፥ ሰው ሁሉ ሰማያዊውንም ሮዙንም «ግሪን ካርድ» ሲል ኖሯል።

የእኛ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋራ በብዛት የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር በማርች 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ በሱዳን መጠለያ ለነበሩት ወገኖቻችን በር ከፈተ፤ በ1990 የታወጀው ሌላ ሕግ ደግሞ በያመቱ እስከ 55,000 ቪዛ በዕጣ የሚያድለውን ሥርዓት መሠረተ፤ ሥርዓቱም ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ሲሠራ «ዲቪ ደረሰው» የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ቀበሌ ተሰማ። ስደተኛው ካርዱን የሚጠይቀው ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ዲቪ የደረሰው ግን እንደ ገባ ነዋሪ ስለሆነ ካርዱ በፖስታ ይደርሰዋል፤ ሁለቱም በአነጋገራችን «ወረቀት አላቸው» ይባላል። ወረቀቱ ላይ የሚገኘው ግን ሁልጊዜ ያው ሰው አይደለም። የአያት ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ፥ የአባት ስም በመካከል ተቀንብቦ፥ የተወለደበትን ቀን በውል ያላወቀው ሁሉ ጃንዩወሪ 1 ቀን እንደ ተወለደ ተደርጎ ተጽፏል፤ በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ አሥር ሽማግሌ ቢቆጠር ከአንድ እናት ማሕፀን በአንድ ቀን የወጡ ይመስላሉ። ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ያለ ክፍያ ይታረማል፤ ከባለቤቱ የመጣ ከሆነ ግን እንደ ጠፋ ካርድ ይከፈልበታል።

ዛሬ ካርዱ የጠፋበት ሰው አዲሱ እስኪመጣለት ታስሮ አይቆይም። «አይ 90» የተባለውን ማመልከቻ ሞልቶ፥ ከፍሎ፥ አሻራ ሰጥቶ ይጠብቃል፤ አስቸኳይ ጉዳይ ላለው በፓስፖርቱ ላይ ጊዜያዊ ማኅተም ይመታለታል። በዓል ሊያከብር አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ላይ የጣለ ሰው ግን፥ ከአሜሪካ የወጣው ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ከሆነ፥ ለአውሮፕላኑ መሳፈሪያ የሚሆን ፈቃድ ከኤምባሲው እስኪያገኝ ድረስ ቦሌን አይሻገርም፤ በ1892 «ግልባጩን እስኪያመጣ ይቆይ» የተባለው ቃል፥ የእስር ቤቱን በር አውልቆ በዚህ ቀርቷል።

ባልቴቲቱ ባለፈው ዓመት ዜጋ ሆኑ። ዕድሜያቸው ከ55 ያለፈ፥ በቋሚ ነዋሪነትም ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ስለ ነበሩ፥ በአማርኛ ተፈትነው አለፉ። ቃለ መሐላ በሚፈጸምበት ቀን ግሪን ካርድ ለመንግሥት ይመለሳልና፥ ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው መርፌ ቁልፉን ፈቱ፥ መሐረቡን ገለጡ፥ ካርዱን በሁለት እጃቸው ሰጡ። ጸሓፊው ተቀብሎ ከሌሎቹ ጋራ በሣጥን ውስጥ አኖረው። እሳቸውም ባዶውን መሐረብ አጣጥፈው ወደ ቦታው መልሰው፥ ልጃቸውን ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ ግልባጩን አስቀርተሻል?» አሏት። አስቀርታ ነበር።