የካርቶኑ ቁጥር ከየት መጣ? የ«ሄርዝ» ታሪክና የገዢው ኪስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ቴሌቪዥን ሊገዛ መርካቶ የወጣ ሰው ከኢንቹ ቀጥሎ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 60፣ 120 ወይም 240 ሄርዝ የሚል ቁጥር ነው። ሻጩም «ቁጥሩ በጨመረ መጠን ምስሉ ይጠራል» ይለዋል። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሄርዝ የሚለካው ጥራትን አይደለም፤ ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ነው። ስንት አዲስ ምስል ይመጣለታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የሁለቱ መምታታት ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ሥሩ ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ በሰከንድ 24 ምስል መደበኛ ሆነ። 24 ብልጭታ ብቻ ዓይን ላይ ስለሚርገበገብ፣ የፊልም ማሳያው እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ያበራው ነበር። ብልጭታው 48፣ ምስሉ ግን ያው 24!

ቴሌቪዥንም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ቢቢሲ በ1936 ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ይልክ ነበር፤ እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ በ50 ግማሽ ምስል። ለምን 50? የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ሄርዝ ስለነበር ነው። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ስክሪኑ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ይፈጠር ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ በመሆኑ አሜሪካኖች በ1941 ባጸደቁት ደረጃ 60 ግማሽ ምስል፣ ማለትም 30 ሙሉ ምስል መረጡ። ዓለም በመብራት መስመር ለሁለት ተከፈለች ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥንም ከዚሁ ጎራ ነበር፤ ቀለም ሲመጣም የጀርመኑ ቴሌፉንከን መሐንዲስ ዋልተር ብሩክ የፈጠረውን ፓል ተከተለ። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ቢመጣ፣ ትራንስፎርመር ቢገዛለት እንኳ ቀለሙን በትክክል አያሳይም ነበር።

ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ መርገብገቡ ቀረ፤ በምትኩ የሚሮጥ ኳስ ይደበዝዝ ጀመር። አምራቾች መፍትሔ ያሉት ማደሻውን ወደ 120 አሳድጎ፣ ካሜራ ያላነሣቸውን መካከለኛ ምስሎች ቴሌቪዥኑ ራሱ እንዲፈጥር ማድረግ ነበር። ይህ ለስፖርት ሊጠቅም ቢችልም ፊልሙን ግን ርካሽ ድራማ አስመሰለው። በ2018 ተዋናዩ ቶም ክሩዝ ከዳይሬክተር ክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ሆኖ ተመልካቾች ይህን እንዲያጠፉት በቪዲዮ ለመነ። በቀጣዩ ዓመትም ሥራውን የሚያጠፋ «ፊልምሜከር ሞድ» የተባለ ምርጫ ይፋ ሆነ።

እንግዲህ ለገዢው ዋናው ጥያቄ «ቤቴ ምን ይገባል?» የሚለው ነው። በዲሽ የሚመጣ የአውሮፓ ኳስ በአብዛኛው ከ50 አያልፍም፤ ፊልም ዛሬም 24 ነው። 120 እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እንደ ፕሌይስቴሽን 5 ያለ፣ 120 ምስል መላክ የሚችል መጫወቻ ላለው ሰው ነው። ለፊልም ወዳጅም ትንሽ ይጠቅማል፤ 120 ለ24 እኩል ይካፈላል፣ 60 ግን አይካፈልም፤ ስለዚህ 60 ላይ እንቅስቃሴው አንዳንዴ ይንገጫገጫል።

«ሞሽን ሬት 240» የሚል ጽሑፍ ደግሞ የማስታወቂያ ስም እንጂ የስክሪኑ ልክ አይደለም። መጠየቅ ያለበት «የፓነሉ ትክክለኛ ሄርዝ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ሻጩ ካልመለሰ የሞዴሉን ቁጥር ይዞ የአምራቹን ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ዜና፣ ድራማና ኳስ ለሚታይበት ቤት ትክክለኛ 60 ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ የተሻለ ብርሃንና ቀለም ላለው ስክሪን ቢውል ዓይን ልዩነቱን ያየዋል፤ 25 ምስል ግን 120 ጊዜ ቢታደስም ያው 25 ነው።