የልብስ መለያ የሚያስከትለው ማሳከክ፦ የቤት ውስጥ መፍትሔውና ምርመራ የሚያስፈልግበት ጊዜ

በልብስ አንገትጌ ወይም በጎን ስፌት ውስጥ የሚሰፋው መለያ፣ በተለምዶ ሌብል የሚባለው፣ ቆዳን ይቆረቁራል፤ ያሳክካልም። ችግሩ በአብዛኛው ቀላል ሲሆን መለያውን በአግባቡ በማንሣት ይወገዳል። መለያው ከተነሣ በኋላ የማይተው ማሳከክ ግን የሌላ የጤና ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በጤና ባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

መለያው ቆዳን የሚቆረቁርበት ምክንያት

አብዛኛው የልብስ መለያ የሚሠራው ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ነው። በፋብሪካ በሙቀት ሲቆረጥ ጠርዙ ቀልጦ ስለሚደርቅ፣ ልብሱ ለስላሳ ጥጥ ቢሆንም የመለያው ጠርዝና ማዕዘን ይሻክራል። ከዚህም በላይ መለያው በናይለን ክር የተሰፋ እንደሆነ የተቆረጠው የክር ጫፍ እንደ እሾህ ይዋጋል። በመሆኑም መለያው ተቆርጦ ክሩ ሲቀር መቆርቆሩ ይቀጥላል።

አንገት ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ፣ በላብም የሚርስ የሰውነት ክፍል በመሆኑ መፋተጉ እዚያ ይበረታል። በሚገባ ሳይለቀለቅ በልብሱ ውስጥ የቀረ የዱቄት ሳሙናም ማሳከኩን ያባብሳል።

ይበልጥ የሚቸገሩ ሰዎች

• ችፌ ያለባቸው ሰዎች፦ ቆዳቸው ደረቅና በቀላሉ የሚቆጣ ስለሆነ ትንሽ መፋተግ እንኳ ሕመሙን ሊቀሰቅስባቸው ይችላል።
• ሕፃናት፦ የሚቆረቁራቸውን መናገር ስለማይችሉ ልብስ ሲለብሱ ማልቀሳቸው ወይም አንገታቸውን ደጋግመው መፈተጋቸው ምልክት ሊሆን ይችላል።
• ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች፦ ብዙዎቹ ለንክኪ ያላቸው ስሜት ከሌላው ሰው የተለየ ነው። ዩኒፎርም አልለብስም ብሎ ማልቀስ ወይም ልብስን ማውለቅ እውነተኛ ሥቃይን የሚገልጽ ሊሆን ስለሚችል፣ ወላጆችና መምህራን ቅጣት ከማሰብ አስቀድሞ ልብሱን ገልብጠው መመርመር ይገባቸዋል።

መለያው ከመነሣቱ በፊት

መለያው የጨርቁን ዓይነትና የአጠባበቁን መመሪያ የያዘ ነው። በውኃ የተሞላ ገንዳ ምልክት ማጠብን ያመለክታል፤ በውስጡ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛውን የውኃ ሙቀት በዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገልጻል፤ በገንዳው ላይ እጅ ካለ ልብሱ በእጅ ብቻ ይታጠባል። ሦስት ማዕዘን በረኪናን፣ የካውያ ሥዕል መተኮስን ይመለከታል። በካውያው ላይ ነጥብ ሲበዛ የሚፈቀደው ሙቀት ይጨምራል። በማንኛውም ምልክት ላይ የተሠመረ የመስቀል ምልክት ክልከላ ነው።

ስለዚህ መለያውን በስልክ ፎቶ ማንሣት ወይም ቆርጦ ማስቀመጥ ይመከራል። ሽፍታ ቢከሰት ሐኪሙ የጨርቁን ዓይነት ሊጠይቅ ይችላል። ልብሱን ለሻጩ የመመለስ ሐሳብ ካለ መለያው ከመነሣቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ደረሰኝም መያዝ ያስፈልጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

የአነሣሡ ቅደም ተከተል

1. ልብሱን ገልብጦ መለያው በምን ዓይነት ስፌት እንደተያዘ መመልከት። መለያውን በኃይል መሳብ ጨርቁን ስለሚቀድ አይገባም።
2. መለያው ለብቻው ከላይ የተሰፋ ከሆነ፣ በመተርተሪያ ወይም ጫፉ ሹል በሆነ ትንሽ መቀስ የስፌቱን ክሮች አንድ በአንድ መቁረጥ።
3. መለያው ከአንገትጌው ስፌት ጋር አብሮ የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን አለመፍታት። ከሥሩ ቢቆረጥ የሚቀረው ጠርዝ ከቀድሞው የባሰ ሊቆረቁር ስለሚችል፣ በላዩ ላይ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ መስፋት ይሻላል። ሥራው ለልብስ ሰፊ ቢሰጥ በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል።
4. የተቆራረጡ ክሮችን በሙሉ ለቅሞ ማውጣትና ቦታውን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ። ይህ በተለይ ለሕፃናት ልብስ አስፈላጊ ነው፤ በካልሲ ወይም በጓንት ውስጥ የቀረ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል።
5. ልብሱን አጥቦ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። አዲስ ልብስም ሆነ ሰልባጅ ከመለበሱ በፊት መታጠብ አለበት።

መለያው ተነሥቶ ማሳከኩ ከቀጠለ

በመፋተግ ብቻ የቀላ ቆዳ መንሥኤው ሲወገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻለዋል። ካልተሻለው የሚከተሉትን መመርመር ያስፈልጋል።

የልብስ አለርጂ፦ ቀለም፣ ጨርቁ እንዳይጨማደድ የሚጨመር ኬሚካል፣ ወይም በቁልፍና በዘለበት ውስጥ ያለ ኒኬል የሚባል ብረት ያስከትለዋል። ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይወጣል፤ ልብሱ በተጣበቀበት ወይም ብረቱ በነካው ቦታ ላይም ይታያል።

እከክ፦ ማሳከኩ በሌሊት ይበረታል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ይታያል፤ ሌላ የቤተሰብ አባልም ብዙ ጊዜ ያሳክከዋል። ሕክምናው አብረው ለሚኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተሰጠ በሽታው ይመለሳል።

የልብስ ቅማል፦ መኖሪያውም እንቁላሉን የሚጥልበትም ቦታ የልብስ ስፌት በመሆኑ፣ በአንገትና በወገብ ዙሪያ የሚሰማው ማሳከክ ከመለያ የመጣ ሊመስል ይችላል። ቅማል የግርሻ በሽታንና ታይፈስን የሚያስተላልፍ ስለሆነ በቸልታ ሊታይ አይገባም። ሙቀት የሚችል ልብስ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ ስፌቱም በጋለ ካውያ ይተኮሳል። ከማሳከክ ጋር ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

ስቴሮይድ ያለባቸውን ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም አይገባም። ቅባቱ ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግሥም የእከክንና የጭርትን ምልክት ስለሚሸፍን በሽታው ሳይታወቅ ይሰፋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀባም ቆዳን ያሳሳል። በረኪና ወይም ላምባ በቆዳ ላይ መቀባት ቃጠሎና መመረዝ ያስከትላል። የሚያሳክከውን ቦታ በጥፍር መፋቅ ቁስል ፈጥሮ ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ የሕፃናትን ጥፍር ማሳጠር ይጠቅማል።

አገልግሎቱ የሚገኝበት ቦታ

ማሳከኩ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ቦታው ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ሽፍታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የፊት ወይም የከንፈር እብጠትና የመተንፈስ ችግር ከታየ ግን ሁኔታው አስቸኳይ ነው፤ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ጤና ጣቢያው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው የሪፈር ወረቀት መያዝ ይኖርባቸዋል። ታካሚው ሽፍታው በወጣ ጊዜ ለብሶት የነበረውን ልብስ፣ የመለያውን ፎቶ እንዲሁም የተጠቀመባቸውን ሳሙናና ቅባቶች ይዞ ቢቀርብ መንሥኤውን ለመለየት ይረዳል።