ስለ እንጦጦ ተራራና ጠፋ ስለሚባለው የዐፄ ዳዊት ከተማ



ለዘንድሮው መጽሔት ጽሑፍ አምጡ በተባልን ጊዜ፣ ከመዋጮና ከድንኳን ጉዳይ ሌላ ስለ አገራችን ታሪክም ጥቂት ቢጻፍ ይጠቅማል ብለን ይህንን አዘጋጅተናል። አርእስታችን እንጦጦ ነው። ከልደታ ሆነን ወደ ሰሜን ቀና ስንል ዕድሜ ልካችንን ያየነው ተራራ ስለሆነ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ግን ስሙን እየጠራን ታሪኩን የማናውቀው ብዙዎች ነን።

ከአባቶቻችን የሰማነው እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ዐፄ ዳዊት የሚባሉ ንጉሥ በተራራው ላይ ትልቅ ከተማ ነበራቸው። ከተማው በጦርነት ጠፋ፣ ዱር ዋጠው። ከብዙ ዘመን በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ፍርስራሹ ተገኘና የአባቶቼን ከተማ አቀናለሁ ብለው ከተሙበት ይባላል። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ፊንፊኔ ወርደው ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ፣ የልጅ ልጃቸው በዚህ ቦታ ቤት እንደሚሠራ ተናገሩ የሚል ትንቢት አብሮ ይነገራል።

ታዲያ እኛ አራት ጡረተኞች፣ ሰማን ሰማን ከምንል ለምን ሄደን አናየውም ተባባልንና አንድ ቅዳሜ ጠዋት በልደታ ታክሲ ተሳፍረን፣ በፒያሳ በኩል ሽሮ ሜዳ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀበት በእግራችን ተያያዝነው። ጉልበት እንደ ድሮው አይደለምና በየመታጠፊያው ማረፍ ግድ ሆነ። በዚያ መንገድ ለብዙ ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ እንደነበር እያነሳን፣ እኛ ባዶ እጃችንን ማለክለካችን አሳቀን። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋሱ ጥቅምት ላይም ጋቢ ያስናፍቃል።

ላይ ስንደርስ የእንጦጦ ማርያምን ተሳልመን፣ አጠገቧ ያለውን የምኒልክን የእንጨትና የጭቃ ቤተ መንግሥት አየን። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ እርግጥ ነው። የዳዊት ከተማስ?

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አያቶቹ የጉለሌ ኦሮሞ የሆኑት ጓደኛችን፣ «ይህ ተረት መሬቱን ለመውሰድ የተነገረ ነው፤ የኛ ሰዎች ከብት ሲያሰማሩበት ባዶ ዱር ነበር ሊባል ነው እንዴ?» አሉ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ፣ «የአባት ቃል አይናቅም፣ እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ብለው ተቆጡ። ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ሁለቱ አብረው ስንት ሐዘን ያስተዛዘኑ ሰዎች ናቸው፤ ለጥቂት ጊዜም ተኳርፈው ተቀመጡ።

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች አንድ የምናውቀው ነገር አለ። ሁለት ሞክሼዎች ካሉ ዶሴያቸው ይደባለቃል። በእንጦጦ ታሪክ የሆነውም ይኸው ይመስለናል። ዳዊት ከተባሉት ነገሥታት ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያያዙት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1382 እስከ 1413 የነገሡት ናቸው። ሁለተኛው ዐፄ ልብነ ድንግል ሲሆኑ፣ እሳቸውም ዳዊት ተብለዋል። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ የተሸነፉት እሳቸው ናቸው። ከተማ መሥራቱ ከአንደኛው፣ ከተማ መጥፋቱ ከሁለተኛው ተወስዶ በአንድ ስም የተመዘገበ ይመስላል።

ቢሆንም ነገሩ ጨርሶ ባዶ ወሬ አይደለም። ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ በራራ የምትባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተማ ተጽፋለች። ስለ አገራችን የነገሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ነበሩ። ሐርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ይህችን በራራን በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ፈልገዋታል። በእንጦጦ ላይ ያለውን ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ቅጥር ፍርስራሽም አንሥተዋል። በየካ በኩል ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም በአካባቢው የድሮ ሰዎች ሥራ እንደነበረ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጉለሌው ጓደኛችን ቃልም አይወድቅም። ምኒልክ በ1870ዎቹ ወደ እንጦጦ ሲመጡ በዙሪያው ጉለሌን የመሰሉ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ይኖሩበት ነበር። ሣህለ ሥላሴም ፊንፊኔን ያዩት በዘመቻ እንጂ ለሽርሽር አልነበረም፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ ዘመቻውን ጽፎታል። ስለዚህ ከተማ ነበረ ማለትና ባለቤት አልነበረውም ማለት ለየብቻ መታየት አለባቸው። እንዲህ ብለን ስናስረዳ ሁለቱም ዝም ብለው አዳመጡ። በኋላም አንዱ ለአንዱ ከያዘው ቆሎ ዘገነለት።

እንጦጦ ራሱ ብዙ አልቆየም። ብርዱ ከባድ ነበር፣ ማገዶም አነሰ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ከዚያ አጠገብ ቤት ተሠራ፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ማገዶ እዚህም ሲቸግር በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተጀምሮ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ባይደርስ ኖሮ፣ አዲስ አበባም እንደ በራራ ነበረች ትባል ነበር።

ክቡራን አባላት፤ ከተማ እንዴት እንደሚጠፋ ለማወቅ እኛ ልደታዎች ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ የድሮው ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ። ቦሌ ሳይሠራ የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር ብንላቸው ከልጆቻችን የሚስቁብን አሉ። ገና በሕይወት እያለን ተረት ልንሆን ነው።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። የዕድራችን የድሮ መዝገቦች ከእርጥበትና ከአይጥ ተጠብቀው ይቀመጡ። እያንዳንዱ አባል ቤቱ የት እንደነበረ፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበረ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለዕድሩ ጸሐፊ ይስጥ። ሲጽፍም ያየውን ያየሁት፣ የሰማውን የሰማሁት ብሎ ለይቶ ይጻፍ፤ ሞክሼ ካለ የአባት ስም አይዘንጋ።

ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።