ትልቁ ቲማቲም የት ሄደ?

አማርኛችን «ቲማቲም» የሚለውን ቃል ያገኘው ከዐረብኛ ነው፤ ትግርኛ ደግሞ የጣልያኑን «ፖሞዶሮ» ለራሱ አንደበት አስማምቶ «ኮሚደረ» ይላል። አንድ ፍሬ በሁለት በር ገባልን ማለት ነው። ስሙን ካነሣን መጠኑንም ብንጠይቅ ነውር የለውም። እኔ የምኖረው ገርጂ ነው፤ ከቦሌ እስከ መገናኛ ባሉ የአትክልት መደብሮች የማየው ቲማቲም አብዛኛው ሞላላ፣ ጠንካራና መካከለኛ ነው። አንዱ ብቻውን ተቆርጦ ሳህን የሚሞላው፣ ክብና ጭማቂያሙ ቲማቲም የት ሄደ?

መንገድ ነው የወሰደው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ቲማቲሟን የሚያበቅሉላት ስምጥ ሸለቆ ያሉት እነ መቂና ዝዋይ ናቸው። በእንጨት ሣጥን ተደራርቦ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲንገላታ የሚውል ፍሬ፣ ከጣዕም በፊት ጽናት ይጠየቃል። «ሮማ ቪ.ኤፍ.» የተባለው ሞላላ የአሜሪካ ዝርያ በአገራችን የተወደደው አንድም ለዚህ ነው። ፋብሪካውም ወገንተኛ ነበር፤ የመርቲን የቲማቲም ድልህ የማያውቅ ወጥ ቤት ጥቂት ነው፣ ለድልህ የሚመረጠውም ውሃው ያነሰ ፍሬ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1990 ዓ.ም. «መልካ ሳልሳ»ን ሲያወጣ የአንዱ ፍሬ ክብደት ከ40 እስከ 50 ግራም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው «ቢሾላ» ግን 140 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል።

ለመሆኑ ትልቅ ፍሬ እንዴት ይመረጣል? በዚህ ነገር የአሌክሳንደር ሊቪንግስተንን ታሪክ እወዳለሁ። በኦሃዮ የነበረ የዘር ነጋዴ ነው። በእርሱ ዘመን ትልልቆቹ ቲማቲሞች የተሸበሸቡና ጎድጓዳ ነበሩ። ሊቪንግስተን ለብዙ ዓመታት ከማሳው ላይ ያማረውን ፍሬ እየለቀመ ዘሩን ዘራ፤ ልጆቹ ግን እየተመለሱ ተሸበሸቡ። ኋላ አንድ ተክል ዐይኑን ሳበው፦ ፍሬዎቹ ትንንሽ፣ ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነትና ለስላሳ ነበሩ። ፍሬውን ትቶ ተክሉን መረጠ። ከዚያ ዘር እየመረጠ ፍሬውን አሳደገና እ.ኤ.አ. በ1870 «ፓራጎን» የተባለውን ትልቅና ለስላሳ ቲማቲም ለገበያ አቀረበ። ትልቁ የተገኘው ከትንሹ ነበር!

የወሎ ገበሬ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። እርሱ የማሽላ ዘሩን የሚመርጠው ከአውድማ ክምር ሳይሆን ከቆመው ማሳ፣ አገዳውን፣ ቅጠሉንና ዛላውን አንድ ላይ እያየ ነውና።

ፍሬው የሚተልቀው እንዲሁ አይደለም። የዱሩ ቅድመ አያት የአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ድቡልቡል ነው፤ ውስጡ ሁለት ጓዳ ብቻ አለው። ትልልቆቹ ብዙ ጓዳ አላቸው። ችግሩ ቀዝቃዛ ሌሊት ቡቃያ አበባው ላይ ሲያርፍ እነዚህ ጓዳዎች እኩል አይሞሉም፤ ፍሬው ፊቱ ተጣሞና ጠባሳ አውጥቶ ይወጣል። በቦሌ ግቢ ትልቅ ዝርያ የሚተክል ሰው የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ፣ ከዚያም ድንችን የሚያቃጥለውን የክረምት በሽታ ማምለጥ አለበት። እኔ በታኅሣሥ አጋማሽ በመደብ ዘርቼ በጥር መጨረሻ አዛውራለሁ፤ አበባው መጋቢት ላይ ይውልልኛል።

የምዘራው «ማርግሎብ»ን ነው። ፍሬድ ፕሪቻርድ የተባለ አሜሪካዊ «ማርቭል»ንና «ግሎብ»ን አዳቅሎ ያስገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ፣ ክብና ሥጋው የሞላ የሰላጣ ቲማቲም ነው። ዘሩ ከዓመት ዓመት ራሱን ይመስላል። ዛሬ ገበያውን የያዙት እንደ «ጋሊላማ» ያሉ ዲቃላዎች ምርታቸው የበዛ፣ ፍሬያቸውም ጠንካራ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከፍሬያቸው ዘር ያስቀረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው የተበታተነ ዘመድ ነው፤ እንደ ገና ወደ ዘር ሻጩ ይሄዳል።

የእኔ ዘር የመጣው ከአንዲት የሰፈራችን እናት ጓሮ ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች እዚሁ ገርጂ ሲሠሩ ጓሮዎች ገና ብዙ ነበሩ፤ የእርሳቸውም ዛሬ የሕንፃ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በረንዳ ላይ በጀሪካን የሚተክሉ ጎረቤቶቼ ትንንሾቹን ይመርጣሉ፤ እውነት አላቸው፣ ትልቁ ሥር መስደጃ ይፈልጋል። እኔ ጥቂት ክንድ አፈር ስላለኝ፣ ከተክሎቹ ሁሉ ፍሬው አንድ ዓይነት የሆነውን አንዱን በቀይ ክር አስሬ እተወዋለሁ። ፍሬው እስኪለሰልስ አይበላም። ዘሩ በገዛ ጭማቂው ሦስት ቀን ብርጭቆ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ወረቀት ላይ ይሰጣል።